ጄኖቫና አካባቢዋ፤ በወደብ ስለምትኖር ከተማ

ከኢጣልያ ታላላቅ ከተሞች መካከል ሮማ በጥንታዊ ገናናነቷ፣ ፊሬንጼ በሥዕሏና በቅርጻ ቅርጿ፣ ቬኔጽያም በውሃ መንገዶቿ ሲወደሱ ያልሰማ ሰው የለም። ጄኖቫ ግን መርከብ የሚሳፈሩባት ወይም ባቡር የሚለውጡባት ስፍራ ናት እየተባለች ብዙ ጊዜ ትታለፋለች። ይሁን እንጂ ንግድን ወይም አስተዳደርን ሙያው ያደረገ ሰው ወደ ኢጣልያ የሚሄድ ቢሆን፣ ከሌሎቹ አስቀድሞ ሊጐበኛት የሚገባው ከተማ ይህች ናት። ጄኖቫ ሰፊ እርሻ የላትም፤ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ የላትም፤ ከተራራና ከባሕር መካከል በጠባብ መሬት ላይ ተቀምጣ ለብዙ መቶ ዓመታት በሀብት የኖረችው በወደቧ፣ በሒሳብ መዝገቧና በተሰጠ ቃል ነው። እነዚህን በጠበቀችበት ዘመን ከብራለች፤ ጥበቃው በላላበት ጊዜም የደረሰባት ጕዳት ከባድ ሆኗል። ከተማዋን ተዘዋውሮ የሚመለከት እንግዳ ሁለቱንም በዐይኑ ሊያይ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የከተማዋ አቀማመጥ

ጄኖቫ የሊጉርያ አውራጃ ዋና ከተማ ስትሆን የሕዝቧ ቍጥር ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣል። ከሚላኖ የሚነሣ መንገደኛ የአፔኒኖን ተራራ በባቡር ዋሻ ካለፈ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከባሕሩ ጠረፍ ይደርሳል። ከተማዋ ወደ ተራራው መስፋት ስላልቻለች በጠረፉ ላይ ከቮልትሪ እስከ ኔርቪ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግታለች። ቤቶቹም በገደሉ ላይ እንደ ደረጃ አንዱ ከሌላው በላይ ተሠርተዋል።

ከምጽዋ ጠረፍ ወደ አስመራ ደጋ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የጄኖቫን ዳገት ሲያይ አይደነግጥም፤ የሚያስደንቀው ግን የከተማው ማዘጋጃ ቤት ዳገቱን ያሸነፈበት ዘዴ ነው። በዚህች ከተማ አሳንሰር የትልቅ ሕንጻ ዕቃ ብቻ ሳይሆን እንደ አውቶቡስ ሁሉ የሕዝብ መጓጓዣ ነው። በገመድ እየተሳቡ ተራራ የሚወጡ ባቡሮችም አሉ። በ1909 በተሠራው የካስቴሌቶ አሳንሰር ወደ ላይ የወጣ ሰው፣ ጥቍር ድንጋይ የለበሱትን የአሮጌውን ከተማ ጣራዎች፣ የቤተ ክርስቲያኖቹን ጕልላቶች፣ ከዚያም ወዲያ መርከቦቹንና ባሕሩን በአንድ ጊዜ ያያል። እንግዳ ሰው ጕብኝቱን ከዚህ ቢጀምር የከተማዋን አሠራር ቶሎ ይረዳል፤ መንገዱ ሁሉ ቍልቍል ወደ ወደቡ ይወርዳልና።

የባሕር መብራትና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤት

ከወደቡ በስተምዕራብ በአለት ላይ የቆመው ረጅም ግንብ ላንቴርና ይባላል። ይህ የባሕር መብራት አሁን ባለው መልኩ የተሠራው በ1543 ሲሆን ቁመቱ 77 ሜትር ነው። ከዚያ አስቀድሞም በዚያው ስፍራ ሌላ የመብራት ግንብ ነበረ። የጄኖቫ ሰው ከሩቅ አገር ሲመለስ አገሩ መግባቱን የሚያውቀው ይህን ግንብ ሲያይ ነው።

በአሮጌው ወደብ ፊት ለፊት ደግሞ ፓላጾ ሳን ጆርጆ፣ ማለት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤት መንግሥት፣ ይገኛል። በ1260 ገደማ የተሠራ ነው። ማርኮ ፖሎ በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በጄኖቫ ታስሮ ሳለ የጕዞውን ታሪክ ለሩስቲኬሎ ነግሮ ያስጻፈው በዚሁ ቤት ነው ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ለነጋዴ ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው በ1407 የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር ታሪክ ነው።

የጄኖቫ ሬፑብሊክ በጦርነት ምክንያት ከዜጎቿ ብዙ ገንዘብ ተበድራ ነበር። አበዳሪዎቹም በአንድ ማኅበር ተሰበሰቡ፤ መንግሥትም ለዕዳው መያዣ እንዲሆን ቀረጥና ግብር የመሰብሰብን መብት ሰጣቸው። የእያንዳንዱ አበዳሪ ድርሻ በመዝገብ ይጻፍ ነበር። ድርሻውን ለሌላ ሰው መሸጥ ወይም ለልጅ ማውረስ የፈለገም ስሙን በመዝገቡ በማዛወር ብቻ ይፈጽመው ነበር። በዚህ ዓይነት ማኅበሩ ባንክም፣ የቀረጥ መሥሪያ ቤትም ሆነ፤ ኮርሲካንና በጥቍር ባሕር የነበሩትን የጄኖቫን ግዛቶች እስከ ማስተዳደር ደረሰ። የፊሬንጼው ጸሐፊ ማኪያቬሊ፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ መንግሥት እየተለዋወጠ ማኅበሩ ግን ሳይለወጥ መኖሩን እያደነቀ ጽፏል። ማኅበሩ በናፖሌዎን ዘመን በ1805 እስኪፈርስ ድረስ አራት መቶ ዓመት ያህል ኖሯል።

የዚህ ዕድሜ ምሥጢር ምንድን ነው ቢባል፣ የመዝገቡ ትክክለኛነት ነው። መስፍን ሲሻር፣ ወገኖች በጎዳና ሲዋጉ፣ የውጭ ንጉሥ ከተማዋን ሲይዝ እንኳ በመዝገቡ የተጻፈው ድርሻ አልተፋቀም። ዛሬ ይህ ቤት የወደቡ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው። በላይኛው አዳራሽም ለከተማዋ በጎ ያደረጉ ሰዎች የድንጋይ ሐውልቶች ቆመው ይታያሉ።

በፒያሳ ካሪካሜንቶ ያለው ሐውልት

ከዚሁ ቤት አጠገብ ፒያሳ ካሪካሜንቶ የሚባል አደባባይ አለ። በዚያም የራፋኤሌ ሩባቲኖ ሐውልት ቆሟል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሐውልቱን ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል፤ ከቀይ ባሕር ጠረፍ የሄደ ሰው ግን ቆም ብሎ ሊመለከተው ይገባል።

ሩባቲኖ በ1810 በጄኖቫ የተወለደ የመርከብ ባለቤት ነበር። በ1860 ጋሪባልዲ ሺህ ያህል ሰዎች አስከትሎ ከከተማዋ አጠገብ ካለው ከኳርቶ ወደ ሲችልያ ሲዘምት የተሳፈረባቸው ሁለት መርከቦች የሩባቲኖ ኩባንያ ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የሱዌዝ ቦይ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኅዳር ወር 1869 ላይ የሊጉርያ ተወላጅ የሆነው የቀድሞው ሚሲዮናዊ ጁሴፔ ሳፔቶ በአሰብ ጠረፍ መሬት ለመግዛት ከአካባቢው ባላባቶች ጋር ተዋዋለ። መሬቱ የተያዘው በሩባቲኖ ኩባንያ ስም ነበር፤ ለመርከቦቹ ከሰል ማኖሪያና ማረፊያ ይሆናል ተባለ። በ1882 ግን የኢጣልያ መንግሥት አሰብን ከኩባንያው ተረከበ። በ1885 የኢጣልያ ጦር ምጽዋ ገባ። በ1890ም የኤርትራ ቅኝ ግዛት ታወጀ።

እንግዲህ በንግድ ውል የተጀመረው ነገር በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የአገርን ዕድል እስከ መለወጥ ደረሰ ማለት ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤት መዝገብን እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ የተማረ ጐብኚ፣ ከሐውልቱ ሥር ደግሞ የሚቀርብለትን ውል እንዴት መመርመር እንደሚገባው ይማራል። ውል የሚፈርም ሰው የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ማን እንደ ቆመ፣ ነገ ለማን እንደሚተላለፍም መጠየቅ አለበት።

ደግሞም ግንኙነቱ በሩባቲኖ አልተጀመረም። በወደቡ አጠገብ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ በአገሩ አጠራር ሳን ማርኮ አል ሞሎ፣ እስከ ዛሬ አለ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አለቃ የነበረው ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ የዓለምን ካርታ በመሥራት የታወቀ ካህን ነበር። በ1483 የታተመ አንድ የታሪክ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ወደ አውሮፓ የተላኩ ሠላሳ ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች በ1306 ገደማ በጄኖቫ ነፋስ ሲጠብቁ ሳሉ፣ ይህ ካህን ስለ አገራቸው ሥርዓትና ሃይማኖት ጠይቆ የነገሩትን ጽፎ ነበር። ስለዚህ አንባቢው ሁለቱን ስፍራዎች በአንድ ቀን ቢያያቸው መልካም ነው፤ በአንደኛው የእኛ አገር ሰዎች ተጠያቂና ተናጋሪ ሆነው ይታሰባሉ፤ በሁለተኛው ከዚያ ወደዚህ የመጣው ይታሰባል።

ካቴድራሉና ያልፈነዳው ጥይት

ከወደቡ ጥቂት ሽቅብ ሲሉ በነጭና በጥቍር ድንጋይ ተራ በተራ የተገነባው የቅዱስ ሎሬንጾ ካቴድራል ይገኛል። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ከአረንጓዴ ብርጭቆ የተሠራ ባለ ስድስት ማዕዘን ሳሕን ይታያል። የጄኖቫ ሰዎች በ1101 ከቂሳርያ ማርከው ያመጡት ሲሆን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ከአንድ ዕንቍ የተፈለፈለ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ናፖሌዎን ወደ ፓሪስ አስወስዶት ሲመለስ በመንገድ ተሰበረ፤ ብርጭቆም መሆኑ ተገለጠ። ሆኖም ካህናቱ አልጣሉትም፤ ስባሪውን አገጣጥመው አኑረውታል።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ትልቅ የመድፍ ጥይት ቆሞ ሲያይ የማይደነግጥ እንግዳ የለም። በየካቲት 9 ቀን 1941 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጄኖቫን ከባሕር ሲደበድቡ ይህ ጥይት ግድግዳውን ጥሶ ገባ፤ ነገር ግን አልፈነዳም። ሕዝቡም ለመታሰቢያ በዚያው አቆመው። በዚያው ወር የእንግሊዝና የኢጣልያ ጦር በከረን ተራሮች ላይ ይዋጉ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ አንዱ ጦርነት ሁለቱን አገሮች በአንድ ጊዜ እንዴት እንዳናወጠ ይታየዋል።

እንግዳ መቀበል በሕግ

አሁን ቪያ ጋሪባልዲ የሚባለው ጐዳና በ16ኛው ምዕተ ዓመት ሲከፈት ስሙ ስትራዳ ኑዎቫ፣ ማለት አዲሱ ጐዳና፣ ነበር። ርዝመቱ አጭር ነው፤ ግራና ቀኙ ግን ባለጠጎቹ የባንክና የመርከብ ቤተ ሰቦች ባሠሯቸው ቤቶች የተሞላ ነው። ታላቁ ሠዓሊ ሩበንስ እነዚህን ቤቶች አድንቆ ንድፋቸውን በ1622 በመጽሐፍ አሳትሟል።

ለአስተዳዳሪዎች የሚጠቅመው ታሪክ እንዲህ ነው። ሬፑብሊኳ ንጉሥ ስላልነበራት የውጭ ነገሥታትንና መልእክተኞችን የምትቀበልበት ቤተ መንግሥት አልነበራትም። ስለዚህ በ1576 የባለጠጎቹ ቤቶች እንደየደረጃቸው ሮሊ በሚባል መዝገብ እንዲጻፉ ተደረገ፤ የመንግሥት እንግዳ ሲመጣም ዕጣ ይወጣ ነበር። ዕጣው የወጣበት ባለቤት እንግዳውን በቤቱ የመቀበል ግዴታ ነበረበት። ለነገሥታት የሚመጥኑት ቤቶች ጥቂት ሲሆኑ፣ ዝቅ ያለ ማዕርግ ላላቸው እንግዶች ብዙ ቤቶች ተመድበው ነበር። በዚህ ዘዴ ከተማዋ ቤተ መንግሥት ለመሥራት ገንዘብ ሳታወጣ ክብሯን ጠበቀች፤ በመዝገቡ መጻፍም ለባለቤቱ ግዴታ ብቻ ሳይሆን ማዕርግ ሆነ። በ2006 ከእነዚህ ቤቶች 42ቱ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከመካከላቸው ፓላጾ ዶርያ ቱርሲ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ የጄኖቫው ተወላጅ ፓጋኒኒ ይጫወትበት የነበረው በ1743 የተሠራ ቫዮሊንም በዚያ ይጠበቃል።

ከዚህ ጐዳና ወደ ታች ያለው አሮጌው ከተማ ካሩጂ በሚባሉ እጅግ ጠባብ መንገዶች የተሠራ ነው፤ በአንዳንዱ ስፍራ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ አይተላለፉም። በወደቡ ዳር በሶቶሪፓ ቅስቶች ሥር የሚሸጠው ምግብ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ፋሪናታ የሚባለው ቂጣ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከዘይትና ከጨው ተበጥብጦ በሰፊ የመዳብ ምጣድ ላይ በእንጨት ምድጃ ይጋገራል። ሥጋም ቅቤም ስለሌለበት የሚጾም መንገደኛ ያለ ሥጋት ሊመገበው ይችላል።

የለውዝ ሻጯ ሐውልት

ከመካከለኛው ከተማ ወጣ ብሎ በ1851 የተከፈተው የስታልየኖ መቃብር ይገኛል። መቃብር ለመጐብኘት መሄድ ለእኛ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ይህ ስፍራ በዕብነ በረድ ሐውልቶቹ ብዛት የታወቀ ነው። የኢጣልያን አንድነት ከሰበኩት ዋነኛው ጁሴፔ ማጺኒ የተቀበረው በዚህ ነው። ሕዝቡ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የካተሪና ካምፖዶኒኮን ሐውልት ነው። ይህች ሴት በየበዓሉና በየገበያው ለውዝን በክር እየሰካች፣ ዳቦ ቆሎ መሳይ ቂጣም እየጨመረች የምትሸጥ ድኻ ነጋዴ ነበረች። ሳንቲም በሳንቲም ላይ አጠራቅማ በ1881 ሎሬንጾ ኦሬንጎ የተባለውን ቀራጺ ሐውልቷን አሠራችው። ሐውልቱም ከባለጠጎቹ መካከል፣ የበዓል ልብሷን ለብሳ፣ የለውዙን ሐብልና ቂጣውን በእጇ ይዛ ቆማ ያሳያታል። በንግዷ አላፈረችም፤ የኖረችበትን ዕቃ ይዛ ቆመች።

የወደቀው ድልድይ

ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው የፖልቼቬራ ሸለቆ ላይ በ1967 ትልቅ የመኪና ድልድይ ተከፍቶ ነበር። ሪካርዶ ሞራንዲ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ሲሆን፣ በዘመኑ የጥበብ መደነቂያ ሆኖ ነበር። ድልድዩን የተሸከሙት የብረት ገመዶች በሲሚንቶ የተሸፈኑ ስለ ነበሩ ዝገታቸው ለዐይን አይታይም ነበር። ነሐሴ 14 ቀን 2018 ከቀትር በፊት ዝናብ እየዘነበ ሳለ የድልድዩ አንድ ክፍል ከነመኪኖቹ ወደቀ፤ 43 ሰዎችም ሞቱ። በሥሩ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። በፍርድ ቤት የተሾሙት ባለ ሙያዎችም የተሸካሚው ገመድ ብረት በዝገት እንደ ተበላ ገለጡ።

ወደ ወደቡ የሚወስደውና ከተማዋን ለሁለት የሚያገናኘው ዋና መንገድ ስለ ተቈረጠ ንግዱም ሕዝቡም ተጨነቀ። የጄኖቫው ተወላጅ አርክቴክት ሬንጾ ፒያኖ አዲስ ድልድይ ነደፈ፤ ርዝመቱ 1,067 ሜትር የሆነው ይህ ድልድይ ነሐሴ 3 ቀን 2020 ተመረቀ። ስሙም የቅዱስ ጊዮርጊስ ድልድይ ተባለ። ከሥሩ 43 ልዩ ልዩ ዛፎች ተተክለዋል፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ዛፍ ማለት ነው።

አዲሱን ድልድይ በሁለት ዓመት ውስጥ መፈጸም ያስመሰግናል። ነገር ግን ከዛፎቹ ሥር የቆመ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ድልድይ ሲመረቅ ሹማምንት ይሰበሰባሉ፤ ሪባን ይቈረጣል፤ ንግግር ይደረጋል። ዝገት ሲመረመር፣ ብሎን ሲጠበቅ፣ ቀለም ሲቀባ ግን የሚያጨበጭብ የለም። ይህን ሥራ የሚያዘው፣ ገንዘቡንም የሚመድበው አስተዳዳሪ ምስጋናን ሳይጠብቅ መሥራት ይኖርበታል፤ ቸል ቢል ዋጋውን የሚከፍሉት በድልድዩ ላይ የሚያልፉት ናቸው።

ከከተማዋ ውጭ

ጊዜ ያለው እንግዳ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ለአካባቢው ቢሰጥ አይጸጸትም። በስተምሥራቅ በኩል ኔርቪ ላይ በአለቱና በባሕሩ መካከል ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። ከዚያ በባቡር ሲቀጥሉ ካሞልዪ የምትባል የመርከበኞች ከተማ ትገኛለች። ይህች ትንሽ ከተማ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከስፋቷ ጋር የማይመጣጠን ብዙ የሸራ መርከብ ነበራት። የመርከቦቹ ባለቤቶችም እንደ እኛ እድር ያለ የጋራ የመድን ማኅበር አቋቁመው፣ የአንዱ መርከብ ቢሰጥም ሁሉም ጕዳቱን ይካፈሉ ነበር።

ከካሞልዪ በጀልባ ወይም በእግር ብቻ የሚደረስበት የሳን ፍሩቱዎዞ ገዳም፣ የጥንቶቹ የዶርያ ቤተ ሰቦች መቃብር የሚገኝበት ነው። በፊቱ ባለው ባሕር ውስጥ፣ 17 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ በ1954 የተተከለ የክርስቶስ የነሐስ ሐውልት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል።

ራቅ ብሎ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ቺንክዌ ቴሬ በሚባሉት አምስት መንደሮች የገበሬው ትጋት ይታያል። ወይን የሚተከልበት መሬት ስላልነበረ ሕዝቡ ገደሉን በእርከን ቈርጦ፣ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በደረቅ ድንጋይ ካብ ደግፎታል። ስፍራው በ1997 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ወጣቶቹ እርሻውን እየተዉ ሲሄዱ ግን ካቡን የሚጠግን ጠፋ፤ ካብ በፈረሰበት ሁሉ አፈሩ ይናዳል። ጥቅምት 25 ቀን 2011 ኀይለኛ ዝናብ ጥሎ ጐርፍና ናዳ ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ሸፈናቸው። መንደሮቹ ታድሰው እንግዳ ይቀበላሉ፤ ካብ የመካብ ሙያም ለወጣቶች ተመልሶ ይሰጣል።

ለጐብኚው አንድ ምክር

ወደ ጄኖቫ የሚሄድ ሰው ለከተማዋ ሦስት ቀን፣ ለአካባቢዋ ሁለት ቀን ቢይዝ ዋናውን ነገር ያያል። ጠንካራ ጫማ ያድርግ፤ መንገዱ ደረጃና ዳገት ነውና። ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ማሳያ ቤትና በ1992 የታደሰውን አሮጌ ወደብ ሁሉም ያሳየዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤት መዝገብ፣ የሩባቲኖን ሐውልት፣ በድልድዩ ሥር ያሉትን ዛፎችና የቺንክዌ ቴሬን ካብ ግን ራሱ ፈልጎ ማየት ይኖርበታል። ወደብ፣ መንገድና መጋዘን በኀላፊነት የተሰጠው ሰው ከዚህ ጕብኝት ይዞት የሚመለሰው ጥያቄ ቀላል ነው፤ በእጄ ያለው ሥራ የት ላይ ዝጓል? መልሱን ለማግኘት ጄኖቫ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ መሰላል አቁሞ መመልከት ይበቃል።